ጠያቂው ማን ነበር? የአሳታፊ ምርምር ታሪክ በፎገራ ሜዳ

በአገራችን የገጠር ልማት ታሪክ ውስጥ «ተሳትፎ» የሚለውን ቃል ያህል በሁሉም አፍ የገባ፣ ትርጉሙም እንደየተናጋሪው የሚለዋወጥ ቃል ማግኘት ያስቸግራል። ገበሬው እርከን ሲቆፍር ተሳተፈ ይባላል፤ በስብሰባ ተቀምጦ ሲያዳምጥም ተሳተፈ ይባላል፤ ከቀረቡለት አምስት የዘር ዓይነቶች አንዱን ሲመርጥም እንዲሁ። አሳታፊ የተግባር ምርምር ግን ከዚህ ሁሉ የጠበቀ ትርጉም አለው። ችግሩ የሚመለከታቸው ሰዎች ጥያቄውን ራሳቸው ያነሣሉ፤ ማስረጃውን ከባለሙያው ጋር ይሰበስባሉ፤ መፍትሔ ያሉትን በሥራ ላይ አውለው ውጤቱን ይመዝናሉ፤ ከውጤቱም ተነሥተው እንደገና ይጠይቃሉ። ከእነዚህ ተግባሮች ሁሉ ከባዱ የመጀመሪያው ነው። በፎገራ ሜዳ ያለፉት አርባ ዓመታት ታሪክ ይህንኑ ያስረዳልና እርሱን ተከትሎ መሄድ ይጠቅማል።

የዘዴው የትውልድ ታሪክ ለማኅበራችን አባላት እንግዳ ስላልሆነ በአጭሩ አልፈዋለሁ። «የተግባር ምርምር» የሚለውን ሐሳብ ከርት ሌዊን የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ ባወጣው ጽሑፍ አስፋፋው። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ ኦርላንዶ ፋልስ ቦርዳና ባልደረቦቹ በኮሎምቢያ፣ በካርታኼና ከተማ ጉባኤ አድርገው፣ ተመራማሪው የተጨቆነው ሕዝብ ባልደረባ እንጂ መርማሪ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም የሚለውን አቋም አጠናከሩ። በዚያው ዘመን በታንዛኒያ ማርያ ሊሳ ስዋንትዝ ተመሳሳይ ሥራ ትሠራ ነበር። በእኛም አገር የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከለንደኑ ዓለም አቀፍ የአካባቢና የልማት ተቋም ጋር ሆኖ በወሎ ገጠር ያካሄደው ፈጣን የገጠር ቅኝት እ.ኤ.አ. በ1988 ታትሞ ወጥቷል። ወሎ ከ1977ቱ ረኃብ ገና ባላገገመበት ሰዓት ባለሙያዎች መጠይቃቸውን አስቀምጠው ከገበሬው ጋር የቀበሌውን ካርታ መሣላቸው፣ የዓመቱን የሥራና የረኃብ ወራት አብረው መቁጠራቸው፣ በታሪካችን ከሚገባው በታች የሚነገርለት ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሜዳው እንሂድ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያመራው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ወረታ ይደርሳል። ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚወስደው፣ ቻይናውያን የሠሩት መንገድም የሚገነጠለው ከዚሁ ነው። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ እስከ ጣና ሐይቅ ድረስ የተዘረጋው ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ በየክረምቱ ሞልተው ይተኙበታል። ጥቁሩ መሬት ውኃውን ይዞ ይቆያል። በዚህ የተነሣ ገበሬው ክረምቱን ሜዳውን ለውኃውና ለሣሩ ይለቅ ነበር፤ ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል፤ ኑግም የአካባቢው የታወቀ ሰብል ነበር። የሜዳው ዋና ሀብት ግን ከብቱ ነው። የፎገራ ከብት ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር፣ ረግረጉንና ዝንቡን የለመደ፣ በወተቱም በአገር የታወቀ ዝርያ ነው። በ1956 ዓ.ም. ባሕር ዳር አጠገብ የተቋቋመው የአንዳሳ የከብት እርባታ ጣቢያ ይህንኑ ዝርያ ይዞ ሲያራባና ሲያጠና ኖሯል። እንግዲህ ያ ሜዳ በባለሙያ መዝገብ «ውኃ የሚተኛበት መሬት» ተብሎ ቢጻፍም፣ ለባለቤቱ በክረምትም ሆነ በበጋ ባዶ ሆኖ አያውቅም ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ሜዳው በገበሬ ማኅበራት ሥር ገባ። ቀጥሎም የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ በዘመኑ አጠራር መልባና ወልባ፣ በየቀበሌው ይቋቋሙ ጀመር። በ1970ዎቹ ዓመታት ከእነዚህ ማኅበራት መካከል በጅግናና በሻጋ የነበሩት ለሩዝ ሙከራ ተመረጡ፤ ሥራውንም ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ጠበብት ያግዙ ነበር። ሩዝ ለሜዳው ጨርሶ ባዕድ አልነበረም ይባላል፤ በረግረጉ ውስጥ የዱር ሩዝ ይታይ ነበርና። ሆኖም ዘርቶ፣ አርሞ፣ ወቅቶ መብላት አዲስ ነገር ነው።

የዚያ ሙከራ ጥያቄ የማን ነበር? የመንግሥት ነበር። ጥያቄውም «በዚህ ውኃ በሚተኛበት መሬት ሩዝ ይበቅላል ወይ?» የሚል ነው። መልሱ «አዎን» ሆነ። የማኅበሩ አባላት በመስመር ተሰልፈው ሠሩ፤ በሥራ ነጥብ ተቆጠረላቸው፤ ምን እንደሚዘራ የመወሰን ሥልጣን ግን አልነበራቸውም። የዛሬው ባለሙያ ይህን «አሳታፊ» ቢለው ይሳቅበታል።

ትልቁ ነገር የመጣው ሙከራው ካበቃ በኋላ ነው። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ሲታወጅ አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፈረሱ። ጠበብቱ ሄደዋል፤ የሥራ ነጥብ የሚቆጥር የለም፤ ገበሬው ሩዝ ዝራ ብሎ የሚያስገድደው የለም። ሩዝ ከማኅበሩ ጋር ይቀበራል ተብሎ ቢገመት ኖሮ የሚያስደንቅ አልነበረም፤ ብዙ የዘመኑ ሙከራዎች የተቀበሩት እንዲሁ ነው። እንዲያውም ለጥቂት ዓመታት እርሻው አንሶ ነበር። ነገር ግን አንዳንድ ገበሬዎች ዘሩን አልጣሉትም። በገዛ ማሳቸው፣ በገዛ ኪሣራቸው፣ በኋላም በግብርና ባለሙያዎች ድጋፍ ይዘሩት ጀመር።

በዚህ ጊዜ የተጠየቀው ጥያቄ ከመንግሥቱ ጥያቄ የተለየ ነበር። ገበሬው ሩዝ መብቀሉን አይቷል። የቸገረው ሌላ ነው፤ ይህ እህል እንጀራ ይሆናልን? ማለትም ባለቤቱ ከጤፍ ጋር ቀላቅላ ብትጋግረው ዓይን ያወጣል ወይስ ይደርቃል? ለጠላ ይሆናል? ገለባውን በሬው ይበላዋል? ነሐሴ ላይ ጎርፉ ቢያድርበት ይተርፋል? አረሙን የሚያርመው ማን ነው? እያንዳንዱ ጥያቄ የሚፈተንበት የየራሱ ቦታ ነበረው፤ አንዱ ምጣድ ላይ፣ አንዱ ግርግም ውስጥ፣ አንዱ ገበያ ላይ። በመጽሐፍ ያልተጻፈው የፎገራ ምርምር ይህ ነው። በዓመታት ውስጥ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ በወረታና በአካባቢው ገበታ ላይ ተራ ነገር ሆነ፤ ጤፍ በተወደደ ቁጥርም ድርሻው ከፍ አለ። በምጣዱ ላይ የተደረገውን ሙከራ ያካሄዱት ሴቶች መሆናቸውን ልብ ማለት ያሻል፤ ሩዙ በፎገራ የጸናው እነርሱ «ይሆናል» ስላሉ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከዚያ ዘመን የተረፈው ዝርያ ዛሬም «ኤክስ ጅግና» ይባላል። ማኅበሩ ፈረሰ፤ ስሙ በዘሩ ላይ ቀረ። ሩዝ ለጣና ከፍታ የሚስማማ ሰብል አይደለም፤ አበባ ላይ ሳለ ብርድ ካገኘው ፍሬው ባዶ ይሆናል። ኤክስ ጅግና ይህን ብርድ መቻሉና ፍሬው ነጭ መሆኑ በገበሬው ዘንድ ለረጅም ጊዜ ተፎካካሪ አሳጥቶት ኖሯል።

የምርምር ተቋማት በደንብ የገቡት ከዚህ በኋላ ነው። የአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል በ1990ዎቹ መግቢያ ላይ ጉማራ፣ ቆቂትና ትግአቤ የተባሉ ዝርያዎችን አወጣ፤ ቀጥሎም ኔሪካ የሚባሉት የአፍሪካ ዝርያዎች መጡ። በኢትዮጵያ ሚሊኒየም ሰሞን ሩዝ «የሚሊኒየሙ ሰብል» የሚል ማዕረግ ተሰጠው፤ በኋላም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እዚያው ወረታ ላይ ተመሠረተ። በእነዚህ ዓመታት በፎገራ ማሳዎች ላይ አሳታፊ የዝርያ መረጣ ተካሂዷል። ገበሬዎች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ የቀረቡትን ዝርያዎች እየዞሩ አይተው፣ በራሳቸው መመዘኛ ደረጃ ሰጡ። ቶሎ መድረሱን፣ የዘለላውን መሙላት፣ የፍሬውን ንጣት፣ ለመውቃት መቅለሉን፣ የገለባውን ብዛት መዘኑ። የአርቢው ሳይንቲስት መመዘኛ ምርት በሄክታር ነበር፤ የገበሬው መመዘኛ የገለባውን ነገር ጭምር ይጨምራል። ይህ ልዩነት መመዝገቡ ብቻውን ዋጋ አለው። ጥያቄው ግን አሁንም ቀድሞ የተቆረጠ ነበር፤ ከእነዚህ መካከል የትኛው ይሻላል? «ከእነዚህ» የሚለውን ቃል የወሰነው ገበሬው አይደለም።

ከዚህ ከፍ ያለ እርምጃ የተሞከረው እ.ኤ.አ. ከ2005 ገደማ ጀምሮ ነው። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ከግብርና ሚኒስቴር ጋር፣ በካናዳ መንግሥት ገንዘብ፣ የአርሶ አደሩን ምርታማነትና የገበያ ስኬት ለማሻሻል በ10 የመማሪያ ወረዳዎች ሥራ ሲጀምር ፎገራ አንዷ ሆነች። አካሄዱ ዝርያ አቅርቦ ምረጡ ማለት አልነበረም። በመጀመሪያ የወረዳው ባለሙያዎችና ገበሬዎች ተቀምጠው የአካባቢውን ችግርና ዕድል ይለያሉ፤ ከዚያ ሰብሉን፣ ከብቱን፣ ዓሣውን፣ ሽንኩርቱን እየያዙ ይሞክራሉ። በግጦሽ በኩል የወጣው ችግር አሜኬላ ነበር። በልክ ያለፈ ግጦሽ ያደከመውን ረግረጋማ መስክ ይህ እሾኻም አረም ወርሮት፣ ከብቱ መግቢያ አጥቶ ነበር። ማኅበረሰቡ አረሙን ነቅሎ፣ መስኩን ለጊዜው ከከብት ከልሎ፣ የራሱን ደንብ አወጣ፤ ሣሩም ተመለሰ፣ በማጭድ እየታጨደም ለከብት ይሰጥ ጀመር። እኔ በፎገራ ታሪክ ውስጥ ለአሳታፊ ምርምር ስም የሚበቃ ሥራ አሳዩኝ ብባል ይህን አስቀድማለሁ። ምክንያቱም ጥያቄውን ያነሣው መስኩን ያጣው ሰው ነው፤ ውጤቱንም የሚመዝነው እርሱ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሥራ ሰፋ ያለ ዓላማ ነበረው። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2013 የናይል ተፋሰስ የውኃና የምግብ መርሐ ግብር ከጄልዱና ከዲጋ ጋር ፎገራን መርጦ «የፈጠራ መድረክ» የሚባል የጋራ ሸንጎ አቋቋመ። በመድረኩ የወረዳው ጽሕፈት ቤቶች፣ ተመራማሪዎች፣ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችና የገበሬ ተወካዮች ተቀመጡ። የፎገራው መድረክ የያዘው ዋና ጉዳይ ልቅ ግጦሽ ሆነ። በዚሁ መርሐ ግብር ገበሬዎች ካሜራ ይዘው የመሬታቸውንና የውኃቸውን ነገር ራሳቸው እየቀረጹ ፊልም ሠርተዋል፤ ያ ፊልም ለባለሥልጣናት ታይቷል። የፊልሙ ጥቅም ቀላል ነው፤ ባለሥልጣን ፊት ተነሥቶ መናገር የሚከብደው ሰው፣ በማሳው ላይ ቆሞ ለጎረቤቱ ካሜራ ሲናገር ቃሉ ይፈታል።

የመድረኮቹን ሂደት የመረመሩት ራሳቸው አዘጋጆቹ ናቸው፤ ለዚህም ክብር ይገባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጽሑፍ የጻፉት ግን የሚያስደስት አልነበረም። አጀንዳውን የመወሰኑ ኃይል በአብዛኛው በመንግሥት ሠራተኞችና በተመራማሪዎች እጅ ቀረ፤ የገበሬ ተወካዮች ቁጥራቸውም ድምፃቸውም አነስተኛ ነበር፤ የመሬቱ መጎዳት መንሥኤ ሲነሣም የገበሬው ግንዛቤ ማነስ ተደጋግሞ ይጠቀስ ነበር። በመጨረሻ መኖ ማልማት የመግባቢያ ነጥብ የሆነው፣ ገበሬው ፈጣን ጥቅም ስለሚያይበት፣ ባለሙያውም ከአፈር ጥበቃ ጋር ስለሚያገናኘው ነው። ይህ ስምምነት ክፉ አይደለም። ይሁን እንጂ «ልቅ ግጦሽ» የሚለውን ስም ለችግሩ ያወጣለት ማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ከብቱን የለቀቀው ሰው ችግሩን ቢሰይመው «የመስክ ማጣት» ይለው ነበር።

መስኩ የት ሄደ? መልሱን ለማግኘት ወደ ሩዙ መመለስ ግድ ነው። ሩዝ የሚዘራው ድሮ ውኃና ሣር በነበረበት መሬት ላይ ነው። ሩዙ በሰፋ መጠን ሣሩ ጠበበ። የወረታን ዋና መንገድ ተከትለው የተተከሉት የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች ሌሊቱን ሳይቀር በሚሠሩበት ሰሞን፣ የፎገራ ከብት በገዛ ሜዳው ላይ ቦታ እያጣ ነበር። ዝርያው ከደጋ ከብት ጋር እየተቀላቀለ መጣ፤ ንጹሑን ለማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። የከብቱ ዋና መኖ የሩዝ ገለባ ሆነ። ገበሬው ከዝርያ መረጣው ላይ ለገለባው ነጥብ የሰጠው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ መስኩ ማለቁን ከማንም በፊት ያወቀው እርሱ ነው። በመመዘኛው ውስጥ አስገብቶ የነገረንን እኛ ከተራ ምርጫው ቆጠርነው።

በሐይቁ ዳር ያሉት የሸሸርና የወላላ ረግረጎች ታሪክ ከዚህ የከፋ ነው። ሁለቱ ኩሬዎች ከርብ ሙላት ውኃቸውን እየተቀበሉ ክረምት ይሞላሉ፤ አምባዛ ይራባባቸዋል፤ ዘውዳማ ቁራ የሚሉት ሳይሆን፣ ዘውድ ያለው ጥቁር ክሬን የሚባለው ትልቅ ወፍ ይሰፍርባቸዋል። ባለፉት አርባ ዓመታት ውስጥ በተለይ ሸሸር አብዛኛውን ስፋቱን አጥቷል። የወንዙ ዳር ለጎርፍ መከላከያ በአፈር ሲገደብ ሙላቱ ወደ ኩሬው መግባቱ ቀነሰ፤ የቀረውን ውኃ ለሽንኩርትና ለሌላ አትክልት የሞተር ፓምፕ ሳበው፤ ዳርቻው እየደረቀ ሲሄድ ታረሰ። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሜዳው ላይ የደረሰውን ከባድ ጎርፍ ያየ ሰው ግድቡን አይቃወምም፤ ቤተሰቡን በሽንኩርት የሚያስተዳድረውንም ሰው ፓምፕህን አንሣ የሚለው የለም። ነገር ግን የዓሣ አጥማጁ፣ የከብት ጠባቂው፣ የሽንኩርት ገበሬውና የመንደሩ ሴቶች በአንድነት «ኩሬውን ምን እናድርገው?» ብለው የመከሩበት መድረክ በሜዳው የምርምር ታሪክ ውስጥ ቦታ አላገኘም። ለሩዝ ማዕከል ተሠራ፤ ለሸሸር የተሠራው የሳተላይት ካርታ ነው፤ ካርታውም የሚያሳየው የጠፋውን መጠን ነው።

እምቦጭ በጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ሲታይ የመጣው ችግር ይህንኑ በሌላ መልክ ያሳያል። አረሙ የፎገራን ዳርቻ ጭምር ሲይዝ የዳርቻው ሕዝብ በየዘመቻው እየወጣ፣ ውኃ ውስጥ እየገባ፣ በእጁ ነቀለ፤ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የተጀመረው ዘመቻ ከእነዚህ ትልቁ ነበር። በቃሉ ተራ ትርጉም ከዚህ የሚበልጥ ተሳትፎ ሊኖር አይችልም። ይሁንና ሕዝቡ የተጠራው ለነቀላው ነው። አረሙን የሚመግበው ደለልና ማዳበሪያ የሚወርደው በርብ፣ በጉማራና በሌሎቹ ገባር ወንዞች ነው፤ የርብና የጉማራ ምንጭ ጉና ነው፤ በመካከሉ የፋርጣ ተዳፋት ማሳና የፎገራ ሩዝ አለ። የመማሪያ ወረዳም ሆነ የፈጠራ መድረክ የተዋቀረው በወረዳ ወሰን ስለነበረ፣ ከላይ አፈሩ የሚታጠብበት ገበሬና ከታች መረቡ በእምቦጭ የሚያዝበት ዓሣ አጥማጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው አልተጠያየቁም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የተከሠተው ግጭት የመስክ ሥራን እጅግ አክብዶታል፤ ተመራማሪው ወደ ማሳ ለመውጣት የሚቸገርበት ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ አልፎ በሜዳው ላይ አዲስ ሥራ ለመጀመር ዕድል የሚያገኝ ባልደረባ ካለ፣ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ስብሰባው ክረምት ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ፣ በሸሸር ዳር ይሁን፤ ያን ጊዜ የቀረው ውኃ በዓይን ይታያል። ከፋርጣ ተዳፋት የሚያርሱ ይምጡ። የከብት ጠባቂ ልጆችም ይጠሩ፤ ሣሩ በየትኛው ዓመት ከየትኛው ጥግ እንደ ጠፋ ከእነርሱ የሚበልጥ አዋቂ የለም። የወረታ የወፍጮ ባለቤቶችና እንጀራ ሻጮች አይቀሩ። የወረዳው ኃላፊም ይገኝ፤ የመክፈቻውን ንግግር ግን ለሌላ ሰው ይተውና እርሱ በመጨረሻ ይናገር። ዝርያም ሆነ መኖ ከመቅረቡ በፊት የመጀመሪያው ቀን ሙሉውን ለጥያቄው ይዋል።